0.02 ወይስ 1? የገመድ አልባ ሴንሰር ኔትወርክን አስተማማኝነት ስለ ማስላት

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ለማስተርስ ጥናቴ 36 ኖዶች ያሉት፣ የአፈር እርጥበትና ሙቀት የሚለካ ገመድ አልባ የሴንሰር ኔትወርክ አስተማማኝነት እያሰላሁ ነው። እያንዳንዱ ኖድ አንድ ዓመት ሳይበላሽ የመቆየት ዕድሉን 0.9 ወስጃለሁ። ሁሉንም ሳባዛ 0.02 ይመጣል፤ እንደ ትይዩ ሳሰላው ደግሞ 1 ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ትክክለኛው የትኛው ነው? ብልሽት የመቋቋም አቅሙንስ ሞዴሉ ውስጥ የት ላይ አስገባዋለሁ? ፎልት ትሪ ይሻለኛል ወይስ ማርኮቭ?» (ኖድ የምንለው ሴንሰር፣ ሬዲዮና ባትሪ የያዘውን ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ፎልት ትሪ ብልሽቶች ተጣምረው ሥርዓቱን እንዴት እንደሚጥሉ የሚያሳይ የዛፍ ሥዕል፣ ማርኮቭ ደግሞ ሥርዓቱ ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ የሚሸጋገርበትን ዕድል የሚከተል ሞዴል ነው።)

ሁለቱም ቁጥሮች እንደ ስሌት አልተሳሳቱም። ችግሩ እርስዎ ሊያውቁት የሚፈልጉትን አለመመለሳቸው ነው። 0.9ን 36 ጊዜ ማባዛት፣ በዓመቱ መጨረሻ አንድም ኖድ ሳይጎድል ሁሉም ሥራ ላይ የመገኘት ዕድላቸውን ይሰጣል፤ እሱም 0.0225 ነው። ትይዩው ስሌት ደግሞ ከ36ቱ ቢያንስ አንዱ የመትረፍ ዕድሉን ይሰጣል። መረጃውን የሚጠቀመው ሰው ግን «ሁሉም አሉ ወይ?» ብሎም፣ «አንድ እንኳ ተርፏል ወይ?» ብሎም አይጠይቅም። የሚፈልገው ከእያንዳንዱ የማሳው ክፍል የታመነ ንባብ በጊዜው መድረሱን ነው። ስለዚህ ከማንኛውም ቀመር በፊት «ኔትወርኩ ሠራ የሚባለው ምን ሲሆን ነው?» የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ከየት ከየት ንባብ መምጣት እንዳለበት፣ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ፣ ስንት ኖድ እስኪጎድል ድረስ እንደሚታገሡ ይግባበት። ይህ ዓረፍተ ነገር የሌለው የአስተማማኝነት ቁጥር ስንት ዴሲማል ቢኖረው ምንም አይነግረኝም።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚሰፋ በራስዎ ቁጥር እንየው። 36ቱን ኖዶች ሦስት ሦስት አድርገን በ12 ቀጠና እንክፈላቸው፤ ለጊዜው የአንዱ መበላሸት ከሌላው ጋር ግንኙነት የለውም እንበል። መስፈርቱ «ከ36ቱ ቢያንስ 30 ይሥሩ» ከሆነ የባይኖሚያል ስሌቱ (ከብዙ ተመሳሳይ ዕቃዎች ስንቱ እንደሚሠራ ዕድሉን የሚያሰላው) 0.937 ይሰጣል። «በየቀጠናው ቢያንስ አንድ ኖድ ይሥራ» ካልን የአንዱ ቀጠና ዕድል 0.999 ይሆናል፤ ለ12ቱም ሲባዛ 0.988። «በየቀጠናው ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ ይሥሩ» ካልን ግን ቀጠናው ወደ 0.972 ይወርድና ኔትወርኩ 0.711 ላይ ያርፋል። ዕቃው ያው፣ ባትሪው ያው ነው፤ የተለወጠው የመስፈርቱ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ከእነዚህ ውስጥ «30 ከ36» የሚለውን አልመክርዎትም፤ ስለ ቦታ ምንም አያውቅም። የጠፉት ስድስት ኖዶች በሁለት ቀጠናዎች ተከማችተው ከሆነ የማሳው አንድ ስድስተኛ አይታይም፤ ሞዴሉ ግን አሁንም «ሠርቷል» ይልዎታል።

አሁን «ለጊዜው» ብዬ ያለፍኩት ግምት ላይ ልቆይ፤ በዚህ መስክ ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው እሱ ነውና። በአንድ ቀጠና ያሉ ሦስት ኖዶች አንድ ዝናብ ይመታቸዋል፣ አንድ ጎርፍ ያገኛቸዋል፣ ባትሪያቸው ከአንድ ካርቶን የወጣ ነው፣ የሚያሄዱት ሶፍትዌርም አንድ ነው። አንዱን የጣለ ምክንያት ሌሎቹን ሳይነካ የሚያልፍበት አጋጣሚ ጠባብ ነው። የኑክሌር ኃይል ማመንጫዎችን ደህንነት የሚያጠኑ ባለሙያዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህን የሚይዙበት፣ ቤታ ፋክተር የሚባል ቀላል ዘዴ አለ። ከአንድ ዕቃ የብልሽት ዕድል ላይ ቤታ የተባለውን ድርሻ «የጋራ ምክንያት» ብለው ይለያሉ። የጋራው ምክንያት ሲከሰት የቡድኑ አባላት በሙሉ አብረው ይወድቃሉ፤ የቀረው ድርሻ የእያንዳንዱ የግል ብልሽት ይሆናል።

ቤታን 10 በመቶ እንውሰድ። የኖዱ የዓመት የብልሽት ዕድል 0.1 ስለሆነ 0.01 የጋራ፣ 0.09 የግል ይሆናል። «ቢያንስ አንድ ኖድ» በሚለው መስፈርት ቀጠናው የሚጠፋው ወይ የጋራው ምክንያት ሲመጣ፣ ወይ ሦስቱም በየራሳቸው ሲበላሹ ነው። ሦስቱ በየራሳቸው የመበላሸት ዕድላቸው 0.09 ሦስት ጊዜ ተባዝቶ 0.000729 ብቻ ነው፤ የጋራው ብቻውን ከዚህ ከአሥር እጥፍ በላይ ይበልጣል። የቀጠናው አስተማማኝነት ከ0.999 ወደ 0.989 ይወርዳል፤ የኔትወርኩ ደግሞ ከ0.988 ወደ 0.879። እንግዲህ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበውን መፍትሔ ይሞክሩት፤ በየቀጠናው አራተኛ ኖድ ይጨምሩ። ብልሽቶቹ አይገናኙም የሚለው ሞዴል 0.9988 ብሎ ያስደስትዎታል። የጋራ ምክንያት የተካተተበት ሞዴል ግን 0.886 ይላል። 12 ተጨማሪ ኖዶች ገዝተው ያገኙት ለውጥ 0.007 ነው። ይህን ንጽጽር በጥናትዎ ውስጥ በግራፍ እንዲያወጡት አጥብቄ እመክራለሁ፤ ስለ መጠባበቂያ የሚነገረውን ሁሉ በአንድ ሥዕል ያሳያል።

ቀጥሎ ያለው ግምት ጊዜን የሚመለከት ነው። ለአንድ ዓመት 0.9 ካሉ በኋላ ለሁለት 0.81፣ ለሦስት 0.729 እያሉ ከቀጠሉ፣ ሳይናገሩት ኤክስፖነንሺያል ስርጭትን ተቀብለዋል። የዚህ ስርጭት ጠባይ ትዝታ የሌለው መሆኑ ነው፤ ሦስተኛ ዓመቱን የጀመረ ኖድ ዛሬ ከተተከለው እኩል አዲስ ነው ይላል። ለኤሌክትሮኒክሱ ድንገተኛ ብልሽት ይህ ያስኬዳል። ለባትሪና ለሚዝግ ማገናኛ ግን አያስኬድም፤ እነሱ ያረጃሉ። ስዊድናዊው መሐንዲስ ዌይቡል በ1951 ባሳተመው ጽሑፉ የታወቀው ስርጭት ለዚህ ይጠቅማል፤ የቅርጽ መለኪያው ከ1 ሲበልጥ የብልሽት መጠኑ ከዕድሜ ጋር ይጨምራል። ኖዱን በሁለት በተከታታይ በተያያዙ ክፍሎች ቢያስቡት ይበቃል፦ ኤሌክትሮኒክሱ በኤክስፖነንሺያል፣ ባትሪው በዌይቡል። ሁለቱ ሲባዙ የኖዱ አስተማማኝነት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዝግታ፣ የባትሪው ዕድሜ ሲቃረብ ደግሞ በፍጥነት የሚወርድ መሥመር ይሆናል።

ባትሪን ካነሳን አይቀር፣ 36ቱም ኖዶች 0.9 ናቸው ማለት ራሱ ያጠያይቃል። መረጃው ከኖድ ወደ ኖድ እየተቀባበለ ወደ ጌትዌይ (የሁሉንም ንባብ ሰብስቦ ወደ ውጭ ወደሚያስተላልፈው መሣሪያ) የሚሄድ ከሆነ፣ ከጌትዌዩ አጠገብ ያሉት የራሳቸውንም የሌሎችንም ፓኬት (የመረጃ ጥቅል) ያሳልፋሉ። ሬዲዮ ደግሞ ከኖዱ ክፍሎች ሁሉ ዋነኛው ኃይል በላ ነው። ስለዚህ ቀድመው የሚጠፉት እነሱ ናቸው። አንዱ ሲጠፋ ሸክሙ ለቀሩት ይከፋፈላል፣ የቀሩትም ባትሪ ይበልጥ ቶሎ ያልቃል። በዳር ያሉት ኖዶች ባትሪያቸው ግማሽ ሳይደርስ ኔትወርኩ ከጌትዌዩ ሊቆረጥ ይችላል። የብልሽት መጠኑ በሕይወት ባሉት ጎረቤቶች ብዛት የሚወሰን መሆኑን ሞዴሉ ካልያዘው፣ የዕድሜ ግምቱ ከእውነቱ በላይ ይወጣል።

ጌትዌዩን ጥያቄዎ ውስጥ አላየሁትም። ያለ እሱ ስሌቱ ጎደሎ ነው፤ ሁሉም መንገድ በእሱ ያልፋል። የዓመት አስተማማኝነቱ 0.95 ነው ብንል ቀደም ብለን ያየነው 0.988 እንኳ ወዲያው 0.939 ይሆናል። ጌትዌዩን ሁለት ካደረጉትና ብልሽታቸው ካልተገናኘ ሁለቱም የመጥፋት ዕድላቸው 0.0025 ነው፤ በ10 በመቶ ቤታ ግን 0.007 ይደርሳል። ሁለቱ ከአንድ የኃይል መሥመር ወይም ከአንድ የሞባይል ኔትወርክ ጋር ከተያያዙ ቤታው ከ10 በመቶ በብዙ ሊበልጥ ይችላል።

ይህ የወረቀት ስጋት አይደለም። በ2005 በኢኳዶር ሬቬንታዶር እሳተ ገሞራ ላይ 16 ኖዶች ለ19 ቀን ተተክለው ነበር። ተመራማሪዎቹ በኋላ እንዳስረዱት፣ በተራራው ላይ የነበሩት ኖዶች ከተጠበቀው በላይ ጸንተዋል። ደካማው ቦታ ርቆ የነበረው የመረጃ መቀበያ ጣቢያ የኤሌክትሪክ አቅርቦት ነበር። ኔትወርኩን በሙሉ ለቀናት ያስቆመው ሌላው ችግር ደግሞ በሁሉም ኖዶች ላይ ያለ የሶፍትዌር ስህተት ነው። የመጀመሪያው ሁሉም የሚያልፍበት ነጠላ ነጥብ፣ ሁለተኛው የጋራ ምክንያት። ሁለቱም «0.9 በ36» ከሚል ሞዴል ውስጥ የሉም።

የሬዲዮ ግንኙነቱን ከኖዱ ብልሽት ለይተው ይያዙት፤ የሚለዋወጥበት የጊዜ ልክ ፍጹም የተለየ ነው። የኖዱ ብልሽት በወራት፣ የሬዲዮው መለዋወጥ በሚሊሰከንድ ይቆጠራል። አንድ ዝላይ (ከአንድ ኖድ ወደ ቀጣዩ መላክ) በአንድ ሙከራ 0.9 የሚሳካ ከሆነ አምስት ዝላይ ያለ ድጋሚ ሙከራ 0.59 ነው። እስከ አራት ሙከራ ከፈቀዱ አንዱ ዝላይ 0.9999፣ አምስቱ 0.9995 ይሆናሉ። ይህ የሚያምር ቁጥር ግን የፓኬት መጥፋት በአንዱ ሙከራ ከሌላው ጋር ግንኙነት የለውም ብሎ ያስባል። ጊልበርት በ1960 ያቀረበው፣ ኤሊዮት በ1963 ያሰፋው ሞዴል ቻናሉን (የሬዲዮ መሥመሩን) በ«ደህና» እና በ«ክፉ» ሁኔታ መካከል የሚመላለስ አድርጎ ያየዋል። ከጊዜው 10 በመቶውን በክፉ ሁኔታ የሚያሳልፍ፣ በዚያ ጊዜም ሁሉንም ፓኬት የሚውጥ ቻናል ቢኖርና ክፉው ሁኔታ ከአራቱ ሙከራዎች ጠቅላላ ጊዜ በላይ ቢቆይ፣ አራት ጊዜ መሞከር ምንም አልረዳም፤ ስኬቱ 0.9 ላይ ይቀራል፣ ባትሪውም በከንቱ ያልቃል። መድኃኒቱ ድጋሚ ሙከራውን በጊዜ ማራራቅ ወይም በሌላ ድግግሞሽ መላክ ነው። አይትሪፕልኢ 802.15.4 የሚባለው የአነስተኛ ኃይል ሬዲዮ ደረጃ በ2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ 16 ቻናሎች (የተለያዩ ድግግሞሾች) አሉት፤ በየሙከራው ቻናል የሚቀይረው አሠራርም በ2012 በማሻሻያ ተጨምሮበታል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። ብልሽት የመቋቋም አቅም ሞዴሉ ውስጥ የሚገባው በመጠባበቂያ ኖድ ብዛት ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። መጠባበቂያው የሚጠቅመው ግን ብልሽቱ ከታወቀ፣ የተበላሸው ከተገለለ፣ ሥራውም ወደ ጤነኛው ከተላለፈ ነው። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ የመሳካት ዕድላቸውን «የመለየት መጠን» ብለን እንጥራው። ሞዴልዎ ውስጥ ካሉት መለኪያዎች ሁሉ ይበልጥ መጨነቅ ያለብዎት ለዚህ ነው እላለሁ።

አንድ ጥንድ ኖድ ያስቡ፤ እያንዳንዱ በአማካይ በ1,000 ቀን አንድ ጊዜ ይበላሻል። ያልተለየ ብልሽት የሐሰት ንባብ ስለሚያስገባ ጥንዱን በሙሉ ከጥቅም ውጭ ያደርጋል እንበል። ጥገና ከሌለና የመለየት መጠኑ 100 በመቶ ከሆነ ጥንዱ በአማካይ 1,500 ቀን ይቆያል። የመለየት መጠኑ 50 በመቶ ሲሆን 1,000 ቀን ይሆናል፤ ከአንድ ኖድ ምንም አልተሻለም። ከ50 በመቶ በታች ከወረደ ሁለት ኖድ ከአንድ ኖድ ያነሰ ይቆያል ማለት ነው። ጥገና ሲጨመር ነገሩ ይበልጥ ይጎላል። የተበላሸው በአማካይ በ10 ቀን የሚጠገን ከሆነና መለየቱ ፍጹም ከሆነ አማካዩ ዕድሜ 51,500 ቀን ይወጣል። የመለየት መጠኑን ወደ 95 በመቶ ብቻ ያውርዱት፤ 8,575 ቀን ይሆናል። አምስት በመቶ ሳይታወቅ የሚያልፍ ብልሽት ዕድሜውን ወደ አንድ ስድስተኛ አወረደው። ይህን በሦስት ሁኔታ ብቻ በተሠራ የማርኮቭ ሰንሰለት በእጅዎ ሊያረጋግጡት ይችላሉ፦ ሁለቱም ጤነኛ፣ አንዱ ብቻ ጤነኛ፣ ጥንዱ የወደቀ። ከመጀመሪያው ወደ ሦስተኛው በቀጥታ የሚወስደው ቀስት ያልተለየው ብልሽት ነው፤ ያ ቀስት የሌለው የማርኮቭ ሥዕል ካዩ ደራሲው መለየትን ፍጹም አድርጎታል ማለት ነው።

የመለየት መጠኑ ለምን ፍጹም እንደማይሆን ለመረዳት ኖዶች የሚበላሹበትን መልክ ማየት ያስፈልጋል። ጸጥ ብሎ የሚጠፋ ኖድ ቀላሉ ነው። አስቸጋሪው እየተናገረ የሚሳሳተው ነው፦ አንድ ቁጥር ላይ ተጣብቆ የሚቀር፣ ቀስ እያለ የሚንሸራተት፣ አልፎ አልፎ የሚዘል። በ2004 በበርክሌይ የኢንቴል ቤተ ሙከራ ውስጥ 54 ሴንሰሮች ለሳምንታት የሰበሰቡት መረጃ ዛሬም ለጥናት ክፍት ነው፤ የባትሪ ቮልቴጅ እየወረደ ሲሄድ በቢሮ ውስጥ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚያነቡ ሴንሰሮች በግልጽ ይታዩበታል። በካሊፎርኒያ ሶኖማ በአንድ የሬድውድ ዛፍ ላይ በተተከለ ኔትወርክም ባትሪው ከ3 ቮልት ወደ 2.4 ቮልት ገደማ ሲወርድ ንባቡ ከልክ መውጣት ጀምሯል። ኖዱ እስከ መጨረሻው ፓኬት ይልካል፤ «ሥራ ላይ ነው» የሚለው ቆጣሪ ምንም አያውቅም።

ሦስት ኖድ በየቀጠናው ማስቀመጥ የሚያዋጣው እዚህ ላይ ነው። ሦስቱ 21፣ 22 እና 122 ቢያነቡ አማካዩ 55 ሲሆን መካከለኛው ቁጥር ግን 22 ነው። ከሦስት አንዱ የፈለገውን ቢዋሽ መካከለኛውን መውሰድ ያድናል። ዋጋው ደግሞ ከላይ ያየነው ነው፤ በድምፅ ብልጫ ለመወሰን ቢያንስ ሁለት ጤነኛ ስለሚያስፈልግ ከ0.988 ወደ 0.711 እንወርዳለን። በአንጻሩ እያንዳንዱ ኖድ ከንባቡ ጋር የባትሪ ቮልቴጁን ቢልክና ከገደብ በታች ያለው ንባብ ቢጣል፣ የዚህ ዓይነቱ ብልሽት ያለ ድምፅ ብልጫ ይለያል፤ «አንድ ጤነኛ ይበቃል» ወደሚለው መስፈርት መመለስ ይቻላል። አንድ ተጨማሪ ቁጥር በፓኬቱ ውስጥ የሚያመጣው ለውጥ ከብዙ ኖዶች ይበልጣል፤ ተማሪዎች ይህን ሲያሰሉት ማየት ደስ ይለኛል። ሆን ብሎ የሚያሳስት የተጠለፈ ኖድ ሌላ ጉዳይ ነው። ላምፖርት፣ ሾስታክና ፒስ በ1982 እንዳሳዩት፣ ፊርማ በሌለበት ግንኙነት ጤነኞቹ እርስ በርስ እንዲስማሙ አንድ ከሃዲ ባለበት ቢያንስ አራት፣ ሁለት ባሉበት ሰባት ተሳታፊ ያስፈልጋል። የእርስዎ ጥናት ደህንነትን የማይነካ ከሆነ ይህን በአንድ አንቀጽ ከወሰኑ በኋላ ይለፉት።

ፎልት ትሪ ወይስ ማርኮቭ? ለየትኛው ክፍል ብለው ይጠይቁ። ፎልት ትሪ «ምን ከምን ጋር ሲጣመር ይወድቃል» ለሚለው ግልጽ ነው፣ ለአማካሪዎም ለማሳየት ይመቻል፤ ጥገናን፣ ቅደም ተከተልንና የሸክም መዛወርን ግን ተራው ዓይነት አይዝም። ማርኮቭ እነዚህን ይይዛል፣ ግን ሁኔታዎቹ ይበዛሉ። 36 ኖዶች እያንዳንዳቸው ጤነኛ ወይም የተበላሹ ብቻ ቢሆኑ እንኳ 68.7 ቢሊዮን ሁኔታዎች ይኖራሉ። ስለዚህ ቀጠናውን ወይም ጥንዱን በትንሽ ማርኮቭ ያስሉ፣ ውጤቱን በላይኛው ፎልት ትሪ ውስጥ እንደ አንድ ክፍል ያስገቡ። መንገዶቹ የሚደራረቡበትን የግንኙነት ክፍል በቀመር ለመጨረስ አይድከሙ። ቫሊያንት በ1979 እንዲህ ያሉት የኔትወርክ አስተማማኝነት ስሌቶች በጥቅሉ እጅግ ከባድ ከሚባሉት የመቁጠር ችግሮች ወገን መሆናቸውን አሳይቷል። ለዚያ ሞንቴ ካርሎ ይበቃል፦ ኖዶችን በዕጣ ያበላሹ፣ የጋራ ምክንያቶችን በዕጣ ያምጡ፣ ከየቀጠናው ወደ ጌትዌይ መንገድ መኖሩን ይፈትሹ፣ ይድገሙ። 10,000 ሙከራ 0.01 የሆነን የውድቀት ዕድል በ10 በመቶ ገደማ አንጻራዊ ስህተት ይገምታል። ከሚሊዮን አንድ የሆነን ዕድል በዚያው ጥራት ለመገመት ግን 100 ሚሊዮን ሙከራ ይፈልጋል፤ እዚያ ከደረሱ ብርቅ ክስተቶችን የሚያበዛ የናሙና ዘዴ ይጠቀሙ።

የ0.9ን ምንጭም ማስረዳት ይጠበቅብዎታል። ከአምራች ሰነድ ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ ለኤሌክትሮኒክሱ በምቹ ሙቀት የተሰላ ነው፤ ሳጥኑን፣ ማገናኛውንና ባትሪውን አይጨምርም። ከራስዎ ሙከራ ከመጣ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። እስከ ሙከራው መጨረሻ ያልተበላሹትን ኖዶች ከስሌቱ አያውጧቸው፤ «ቢያንስ እስከዚህ ቀን ቆይቷል» የሚለው ራሱ መረጃ ነው፣ ካወጧቸው የብልሽት መጠኑ ተጋኖ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ዝም ያለ ኖድ ሁሉ አልሞተም። መንገድ ላይ ያለ ጎረቤቱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ኖድ ንባቡን በራሱ ማህደረ ትውስታ ካስቀመጠና የፓኬት ተራ ቁጥር ከላከ፣ በኋላ የኖዱን ሞት ከመንገዱ መቆረጥ መለየት ይችላሉ።

በመጨረሻ መለኪያዎቹን አንድ በአንድ ያንቀሳቅሱና የትኛው ውጤቱን እንደሚገፋው በሠንጠረዥ ያቅርቡ። ከላይ በያዝነው፣ ጌትዌዩን ባላካተተው ምሳሌ መነሻው 0.879 ነው። አራተኛ ኖድ በየቀጠናው 0.886 ያደርሰዋል። የኖዱን የዓመት አስተማማኝነት ከ0.9 ወደ 0.95 ማሳደግ 0.941 ይሰጣል። የኖዱን ጥራት ሳይነኩ ቤታን ከ10 ወደ 5 በመቶ ማውረድ ደግሞ 0.932 ይሰጣል፤ ይህም ባትሪዎችን ከተለያየ ምርት በመግዛት፣ ሦስቱን ኖዶች ውኃ በአንድ ጊዜ በማይደርስባቸው ከፍታዎች በመትከል፣ አዲስ ሶፍትዌርን በየቀጠናው በአንድ ኖድ ጀምሮ ለሌሎቹ ቆይቶ በመጫን ሊሞከር የሚችል ነው።